ስለ «ጠንካራ ድራይቭ» ስያሜ አጭር ሂስ

ከኮምፒዩተር ውጭ ሆኖ መረጃ የሚያከማቸው መሣሪያ በአንዳንድ ትርጉሞች «ውጫዊ ጠንካራ ድራይቭ» ተብሏል። ይህ ስያሜ ቃሉን እንጂ ጽንሰ ሐሳቡን አልተረጐመም። እንግሊዝኛው «ጠንካራ» ያለው የማይተጣጠፈውን ዲስክ ከተጣጣፊው ፍሎፒ ዲስክ ለመለየት ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ ግን ጠንካራ ማለት የማይሰበር፣ የማይበላሽ ነው። ዲስኩ እየዞረ ሳለ መሣሪያው ቢወድቅ ግን መረጃው ሊጠፋ ይችላል። የብራና መጻሕፍቱን ፎቶግራፍ በዚህ መሣሪያ የተረከበ የዕቃ ቤት ጠባቂ ስሙን አምኖ ሁለተኛ ቅጂ ሳያስቀር ቢቀር፣ ተርጓሚው ከተጠያቂነት አያመልጥም።

«ማኅደር» ይባል የሚል አማራጭ ሊቀርብ ይችላል። በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ አብያተ ክርስቲያናት ማኅደር ብራናው የሚገባበት፣ በማንገቻው የሚንጠለጠልና የሚጓዝ የቆዳ መያዣ ነውና ምሳሌነቱ ይስማማል። ይሁን እንጂ ቃሉ በጽሕፈት ቤት ለሰነድ መያዣ ውሏል፤ በኢሜይል ትርጉምም «በማኅደር አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ አለ። ያው ትእዛዝ ለመሣሪያውም ከዋለ አንባቢው የትኛውን ይረዳ?

የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣቱ ሰፊ ሥራ በ1973 እ.ኤ.አ. ሲጀመር «ማይክሮፊልም» የሚለው ስም እንዳለ ተወስዷል። የውሰት ቃል ትርጉሙን ባይገልጽም የሐሰት ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ስሙን ተጠቃሚው እንደሚጠራው ትቶ፣ አገልግሎቱን በአማርኛ ቅጽል በመግለጽ «ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ» ማለት ይሻላል።