ከአበቅቴው የተበደረ መጥቅዕ

ባለፈው ሳምንት አዲስ የተቀጠረ አንድ ወጣት፣ የገንዘብ ማስተላለፊያ ሶፍትዌር የምፈትንበትን ሞዴል በወረቀት ላይ ስስል አይቶ፣ «ጋሼ፣ መሣሪያው ራሱ ከኮዱ ላይ ያወጣልዎ የለም ወይ? ስለ ምን በእጅዎ ይደክማሉ?» ሲል ጠየቀኝ፤ ጥያቄው በቅንነት የቀረበ ነውና መልሱን ጊዜ ወስጄ ልጽፈው ወደድሁ።

ከኮዱ የተቀዳ ሞዴል በኮዱ ላይ ምስክር ሊሆን አይችልም። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ድርጅት፣ እንዲህ ካለው ሞዴል የተወለዱ በመቶ የሚቈጠሩ ቴስቶች ሁሉም ካለፉ በኋላ፣ በደመወዝ ሰሞን ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደንበኞች አንዱን ክፍያ ሁለት ጊዜ ከፈሉ። ፕሮግራሙ መልስ ሲዘገይበት ክፍያውን እንዳልተላከ ቈጥሮ ይደግመው ኖሯል፤ ሞዴሉም ስሕተቱን እንደ ሕግ አድርጎ ስለ ቀዳው፣ ቴስቶቹ ያንኑ ስሕተት አጸደቁት። ከዚያ ወዲያ የክፍያውን 5 ሁኔታዎች ወደ ታች፣ 6 ክስተቶችን ወደ ጎን ጽፌ 30ውን ሣጥን በእጄ ስሞላ፣ «መልስ በመጠበቅ ላይ» እና «ጊዜው አለፈ» ከሚገናኙበት ሣጥን ስደርስ የምጽፈው አጣሁ። ሒሳብ ክፍል ወርጄ ብጠይቅ፣ ባለሙያዋ ከመዝገባቸው ቀና ሳይሉ «መድረሱ ሳይጣራማ ደግሞ አይላክም» አሉኝ።

ቾው የተባለ ተመራማሪ በ1978 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ በሞዴሉ ውስጥ ከሁኔታ ወደ ሁኔታ የሚደረገውን እያንዳንዱን ሽግግር አስኬዶ የተደረሰበትን ሁኔታ የሚያረጋግጠው ዘዴ ዛሬም የምገለገልበት ነው፤ ነገር ግን ዘዴው ሞዴሉ እውነተኛ መሆኑን አስቀድሞ ተቀብሎ ይነሣል፤ እውነቱን ከሰው ጠይቆ ማምጣት የሞዴሉ ሠሪ ዕዳ ነው።

ምስክር ከሚመሰክርበት ነገር መቀዳት እንደሌለበት ቀድመው ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። በዘመን መቍጠሪያው በባሕረ ሐሳብ፣ ወንበር የሚባለው የዓመቱ መነሻ ቍጥር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴን፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕን ይሰጣል፤ ወንበሩ 10 ቢሆን አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ነው፤ ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ ሒሳቡ ተሳስቷል። እኔ ግን መንገድ ለማሳጠር አበቅቴውን ከ30 እየቀነስሁ ቀሪውን መጥቅዕ እለው ነበር። አንድ ቀን አበቅቴውን ተሳስቼ 21 ብል መጥቅዑ 9 ሆነ፤ ድምሩም ያለ እንከን 30 ሞላ። የኔታ ሰሌዳውን ጥቂት ተመልክተው፣ «ልጄ፣ መጥቅዑን ከአበቅቴው ተበደርኸው እንጂ አላወጣኸውም» አሉኝና፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው እንደገና ከወንበሩ አስጀመሩኝ፤ በ19 አባዝቼ እስክጨርስም ከአጠገቤ አልተነሡም።