ልጁ እህል ባልቀመሰ ቀን

በስኳር በሽታ የተያዘ ሕፃን ያላትን እናት ለማስተማር የተቀመጠ ሰው፣ ከፊቱ ያለችው ሴት ምንም አታውቅም ብሎ ከጀመረ ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ ልጅዋን ስትመግብ፣ ስታስታምምና ሌሊት ስትጠብቅ የኖረች በመሆኗ፣ ስለ ልጅዋ ሰውነት የራሷ የሆነና በብዙው እውነተኛ የሆነ ዕውቀት አላትና። እኛ በሕፃናት ክፍል የምናገለግል ነርሶች የምንፈራው የዕውቀቷን ማነስ ሳይሆን፣ ከትክክለኛ ነገር ተነሥታ፣ በትክክለኛ በሚመስል መንገድ ሄዳ የምትደርስበትን አንድ ፍርድ ነው። «ኢንሱሊን ስኳርን ያወርዳል ብላችሁኛል፤ ስኳር ከምግብ ይመጣል ብላችሁኛል፤ ልጄ ዛሬ አሞት እህል አልቀመሰም፤ እንግዲህ መርፌውን ብወጋው ስኳሩ አልቆ ይሞትብኛል» ትላለች፤ መርፌውንም ትተዋለች። ይህን ያሰበችው ከፍቅርና ከማስተዋል የተነሣ ስለሆነ፣ በተግሣጽ የሚነቀል አይደለም።

ነገሩ ግን በሰውነት ውስጥ በሌላ ሥርዓት ይከናወናል። የጤነኛ ሰው ቆሽት፣ ባለቤቱ ሲጾምም ሲተኛም፣ ኢንሱሊንን ጥቂት በጥቂት ማመንጨቱን አያቋርጥም፤ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም የሚለቀው በዚሁ ኢንሱሊን ልክ እየተገታ ነው። በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የተያዘው ሕፃን ግን ከመርፌው በቀር ይህ ነው የሚባል ኢንሱሊን የለውምና፣ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ይዞት እህል በተወ ጊዜ፣ ሕመሙ የሚቀሰቅሳቸው ሆርሞኖች ጉበቱን እያስገደዱ ስኳሩን በደሙ ላይ ያፈሱበታል፤ ያም ስኳር ወደ ኅዋሳቱ የሚገባበት መንገድ ስለሌለው፣ ደሙ በስኳር ተጥለቅልቆ ሳለ ሥጋው ይራባል፤ የተራበው ሥጋም ስቡን ማቅለጥ ይጀምራል። ከዚህም ኬቶን የሚባል አሲድ ወጥቶ ደሙን ያኮመጥጠዋል፤ ስኳሩ በሽንት ሲወጣ ውሃውንና ጨዉን ይዞ ይሄዳል፤ የሆድ ቁርጠትና ትውከት ይከተላል፤ ሳንባው አሲዱን በትንፋሽ ሊያስወግድ በጥልቀትና በፍጥነት ይሠራል፤ ከአፉም የፍራፍሬ የመሰለ ሽታ ይወጣል። ሐኪሞች ኬቶአሲዶሲስ የሚሉት ይህ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ሕሊናን ያስታል፣ ሳይታከምም ከቆየ ይገድላል። ስለዚህ እህል ያልቀመሰው ልጅ ያለ ኢንሱሊን ከሚያድር፣ መጠኑ በሐኪም ምክር ተስተካክሎ መርፌውን ወስዶ ቢያድር ይሻለዋል፤ አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም ከወትሮው የበዛ ያስፈልገዋል።

ይህን ሁሉ በቃል ማስረዳት ይቻላል፤ እናቲቱም ራሷን እየነቀነቀች «እሺ ሲስተር» ትላለች። በዚያ እሺታ ላይ ግን ምንም መገንባት አይገባም፤ ሕዝባችን ለሚያስተምር ሰው ክብር የሚሰጥ በመሆኑ፣ እሺታው የአክብሮት እንጂ የመረዳት ምልክት ላይሆን ይችላልና። የአብነት ትምህርት ቤት መምህር፣ ደቀ መዝሙሩ የተቀበለውን መልሶ በቃሉ ሳያሰማው ወደሚቀጥለው እንደማያሳልፈው ሁሉ፣ እኔም፣ «ዛሬ ማታ ልጁ አስታውኮ እራቱን ቢተው ምን ያደርጋሉ?» ብዬ እጠይቅና ዝም እላለሁ። ያን ዝምታ መታገሥ ከማስተማሩ ሥራ ሁሉ የሚከብደው ነው፤ መልሱን ከአፏ ነጥቆ ራስን ማሰማት ይቀናልና። እጅም እንዲሁ የራሱን ትምህርት ይማራል፤ ደፍራሹን ኢንሱሊን ሳይንጡ በመዳፍ መካከል ማንከባለል፣ ከጠራው ኢንሱሊን ጋር ሲደባለቅ የጠራውን አስቀድሞ መቅዳት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለውን ጠርሙስ ለ100 በተሠራው ሲሪንጅ ብቻ መሳብ፣ ይህ ሁሉ አሥር ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ በመሥራት ይገባል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ በዚያው መንገድ ያለፈች ሌላ እናት በአጠገቧ ተቀምጣ ስትነግራት ነው፤ እኔ የምለውን እርሷ ስትለው ሌላ ኃይል ያገኛል።

የሕመም ቀን ሥርዓቱ አጭር ነው። የደም ስኳሩ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ይለካል፤ በዴሲ ሊትር ከ250 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ሽንቱ ለኬቶን ይመረመራል፤ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። ከ70 በታች ከወረደ ደግሞ አደጋው ተገላብጧልና፣ ለትልቁ ልጅ 3 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር፣ ለትንሹም ከዚያ ያነሰ፣ በውሃ በጥብጦ ማጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሶ መለካት ነው፤ ራሱን የሳተ እንደሆነ ግን በአፉ ምንም ሳያፈሱ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ትውከቱ ከተደጋገመ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ኬቶኑ ከበዛ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

በቤት ውስጥ የሚወስነው ሰው ሁልጊዜ እናቲቱ አይደለችም። አያቲቱ «ይህን ልጅ በመርፌ ፈጃችሁት» ካሉ፣ ወይም አባት ጠበል ይሻላል ብሎ ከቈረጠ፣ እኛ በሆስፒታል ያስተማርነው ሁሉ ከደጃፍ ይመለሳል። እኔ ከጠበል ጋር ጠብ የለኝም፤ ወደ ጠበሉ ሲሄዱ ጠርሙሱንና ሲሪንጁን ይዘው እንዲሄዱ፣ በዚያም ሰዓቱን ጠብቀው እንዲወጉ እለምናለሁ፤ ቤተ ክርስቲያንም ለሕሙማን የምትራራ ናትና፣ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመክሩ እነግራቸዋለሁ። አያቲቱን ግን «እማማ፣ ይምጡና ይዩ» ብዬ ሚዛኑ ዘንድ እወስዳቸዋለሁ፤ ልጁ መርፌ ከጀመረ ወዲህ የጨመረውን ኪሎ በዓይናቸው ሲያዩ ከእኔ ንግግር ይልቅ ያን ያምናሉ። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ጠርሙሱን የሚያኖሩበትን የሸክላ ዕቃ የሚያዘጋጁትም ብዙ ጊዜ እርሳቸው ናቸው፤ ትንሹ ሸክላ በትልቁ ውስጥ ሆኖ፣ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ ተደርጎ በጥላ ሲቀመጥ፣ ኢንሱሊኑን ከቀኑ ሙቀት ይጠብቀዋል።

እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በቶሮንቶ የመጀመሪያውን ኢንሱሊን ከመወጋቱ በፊት፣ ይህ ደዌ ለሕፃናት የሞት ፍርድ ነበር። የቦስተኑ ሐኪም ኤሊዮት ጆስሊን ግን ከዚያ በፊት፣ በ1918፣ ሐኪሙና ሕመምተኛው አብረው የሚያነቡት መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ ኋላም የሠለጠኑ ነርሶችን ወደ ሕሙማን ቤት ይልክ ነበር። እኛ የዚያ ሥራ ወራሾች ነን። ሆኖም ደዌው ገና ሳይታወቅ በመጀመሪያው ኬቶአሲዶሲስ የሚወድቁት ልጆች ወደ እኛ ክፍል የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ ጥማቱ የሙቀት፣ ክሳቱ የትል፣ ትንፋሹ የሳምባ ምች፣ ትውከቱ የወባ ይመስላል፤ መኝታ ላይ መሽናትን ትቶ የነበረው ልጅ እንደገና ሲጀምርም ይቀጣበታል። በጣሊያን አገር በፓርማ፣ ማውሪዚዮ ቫኔሊና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ይህንኑ የሽንት ምልክት የሚያስታውቅ ሥዕል በየትምህርት ቤቱና በየሕፃናት ሐኪሙ ዘንድ ሰቀሉ፤ ቀድሞ በሽታው አዲስ ከሚገኝባቸው ከ100 ልጆች 78ቱ በኬቶአሲዶሲስ ይመጡ የነበሩት፣ ወደ 12.5 ወረዱ። አንድ ሥዕል ነው፤ ወጪው ከአንድ ልጅ የሆስፒታል ቆይታ ጋር የሚወዳደር አይመስለኝም። ለምን በየቀበሌው ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ እንዳልተሰቀለ ዘወትር አስባለሁ፤ መምህራኑን ባገኘሁ ቁጥርም እወተውታለሁ።

ልጁ ድኖ ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲል፣ እናቲቱ ሥርዓቱን ሁሉ በቃሏ ካሰማችኝ በኋላ፣ አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ «እርስዎ የታመሙ ቀን ማን ይወጋዋል?» እላታለሁ። ወንድም ይሁን ጎረቤት ወይም ታላቅ እኅት፣ የጠራችው ሰው ወደ ክፍላችን መጥቶ ሲሪንጁን በእጁ ሳይዝ፣ የመሰናበቻውን ወረቀት ለሐኪሙ አላቀርብም።