ዲያብሎስን ለማስታረቅ የተደረገ መንገድ
(ስለ ገድለ ክርስቶስ ሠምራ)

ከገድላት መጻሕፍት ሁሉ አንባቢውን አስቁሞ የሚያከራክር ክፍል ቢፈለግ፥ ከገድለ ክርስቶስ ሠምራ የሚበልጥ በቀላሉ አይገኝም። ሌሎቹ ቅዱሳን ለበሽተኛው፥ ለኃጥኡ፥ ለንጉሡ፥ ዝናም ላጣው አገር ለምነዋል። ይህች የቡልጋ ሴት ግን የለመነችው ለዲያብሎስ ነው። ልመናዋም ለምሳሌ ያህል የተነገረ አልነበረም፤ ፈጣሪና ጠላት በእውነት እንዲታረቁ፥ ሲኦልም ያለ ነዋሪ እንዲቀር ፈለገች። ይህ ምርጫ ቅድስና ነው ወይስ ድፍረት? የተማረውም ያልተማረውም የሚከራከርበት ጥያቄ ይህ ነው።

ታሪኩን ለማያስታውስ አንባቢ በአጭሩ መናገር ይገባል። ክርስቶስ ሠምራ በ15ኛው መቶ ዓመት የነበረች፥ በሸዋ በቡልጋ ተወልዳ ሠምረ ጊዮርጊስ ለሚባል ሰው የተዳረች፥ ልጆችም የወለደች፥ ቤቷ በሀብትና በአገልጋይ የተሞላ እመቤት ነበረች። አንድ ቀን በአገልጋይዋ ተቈጥታ የሚነድ ትንታግ በአፏ ጨመረችባት፤ አገልጋይቱም ሞተች። እመቤቲቱ በሠራችው ሥራ ደንግጣ፥ ይህች ነፍስ ብትነሣልኝ ዓለምን ትቼ እመነኵሳለሁ ብላ ተሳለች፤ የሞተችውም ተነሣች። ስለዚህ ባሏን፥ ልጆቿንና ሀብቷን ትታ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደች፤ ኋላም ወደ ጣና ተሻግራ በጓንጉት ተቀመጠች፤ በባሕሩም ውስጥ ቆማ ብዙ ዘመን ስትጸልይ ኖረች። በዓሏ ነሐሴ 24 ቀን፥ ከጻድቁ ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ጋር ይውላል። የግእዙን ገድል ኢጣሊያዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. ከነትርጓሜው አሳትሞታል፤ የአገሩ ሰው ግን እርሷን ለማወቅ የፈረንጅን ማተሚያ አልጠበቀም።

ልመናዋ እንዲህ ነው። በአዳም ልጆች ላይ የሚደርሰውን ሥቃይ አይታ፥ የመከራው ሁሉ ምንጭ የዲያብሎስ ጠብ መሆኑን ዐሰበች፤ ጠቡ ቢቀር ሰው አይስትም፥ ሰውም ባይስት ወደ ሲኦል የሚወርድ አይኖርም አለች። የለመነችው ዲያብሎስን ወድዳ አይደለም፤ ለአዳም ዘር አዝና ነው እንጂ። አሳቧ የባላገር አሳብ ነው ቢባል ነውር የለበትም። ሁለት ቤተ ሰብ ደም ሲቃባ፥ ሽማግሌ በመካከል ገብቶ ያስታርቃል እንጂ ልጆቹ እስኪያልቁ ቆሞ አይመለከትም። ክርስቶስ ሠምራም የሽማግሌን ሥራ ወደ ሰማይ ይዛው ወጣች። ጌታም ስለዚህ አልገሠጻትም፤ ቅዱስ ሚካኤልን አስከትሎ ወደ ሲኦል ላካት። እርሷም ዲያብሎስን ጠርታ፥ ከፈጣሪህ ላስታርቅህ መጣሁ አለችው። እርሱ ግን የሰላሙን ቃል እንደ ስድብ ቈጥሮ፥ እጅዋን ይዞ ወደ ጥልቁ ሳባት። የመላእክት አለቃ በሰይፉ ባይደርስላት ኖሮ አስታራቂዋ በዚያው በቀረች ነበር። ስትወጣ ግን ብቻዋን አልወጣችም፤ በዚያ የነበሩ ብዙ ነፍሳት አብረዋት ወጡ።

ይህን የሚነቅፉ ሰዎች ነቀፋቸው ቀላል አይደለም። አክሲማሮስ እንደሚተርከው ሳጥናኤል የወደቀው አታላይ ሳይኖርበት፥ በገዛ አሳቡ ፈጣሪነትን ተመኝቶ ነው፤ ሰው ግን የሳተው በሌላ ምክር ነው። በምክር የሳተው በምክር ይመለሳል፤ ያለ መካሪ የካደውን ማን ይመልሰዋል? ደግሞም አጋንንት በመጨረሻ ይድናሉ የሚል አሳብ በኦሪጎን ስም የሚታወቅ አሮጌ ትምህርት ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ400 ዓ.ም. ገደማ የኦሪጎንን ትምህርት አውግዟል፤ በ553 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤም፥ ምንም እንኳ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ የማይቈጠር ቢሆን፥ በዚሁ ላይ ተባብሯል። እንግዲህ የገድሉ ጸሓፊ የተወገዘውን ነገር በቅድስት ሴት አፍ አስነገረን ይላሉ ነቃፊዎቹ።

ዳሩ ግን ማስተማር ሌላ ነው፥ መለመን ሌላ። ኦሪጎን ይድናሉ ብሎ ጻፈ፤ ክርስቶስ ሠምራ ግን ይድን ዘንድ እለምናለሁ አለች። የመጀመሪያው የፈጣሪን ፍርድ አስቀድሞ መናገር ነው፤ ሁለተኛው ከፈጣሪ ፊት ወድቆ ማልቀስ ነው። አብርሃም ስለ ሰዶም ሲለምን ከ50 ጻድቃን ተነሥቶ እስከ 10 ድረስ ወረደ፤ ሰዶም ግን ከመቃጠል አልዳነችም፤ አብርሃምም ስለ ልመናው አልተነቀፈም። ሙሴ በጥጃው ምክንያት ሕዝቡ ሊጠፋ ሲል ስሙን ከመጽሐፍ ለማስፋቅ ተዘጋጀ። እነዚህን የሚያመሰግን ሰው የጓንጉቷን መነኵሲት የሚነቅፍበትን ምክንያት ማስረዳት ይገባዋል። በገዳም የሚነበበው ማር ይስሐቅም ርኅሩኅ ልብ ምን እንደ ሆነ ሲያስረዳ፥ ለሰውና ለወፍ፥ ለአውሬም ብቻ ሳይሆን ለአጋንንት እንኳ የሚቃጠልና የሚያለቅስ ልብ መሆኑን ይናገራል። ገድሉ ያደረገው ይህን የመነኮሳት ትምህርት ወስዶ እግር ሰጥቶ ማስኬድ ነው። ሶርያዊው በልብ ያየውን ኢትዮጵያዊቱ በእግሯ ሄደችበት።

በዚህ ላይ አንድ እንግዳ የሚመስል ንጽጽር ቢቀርብ አንባቢ አይቈጣ። በፉሪ ተራራ ግርጌ ባለው ሰፈር፥ እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ዳርቻ ሁሉ፥ በስልክና በኮምፒዩተር ጨዋታ የሚያመሹ ወጣቶች አሉ፤ አባቶችም ነገሩን ጊዜ ማባከን ነው ብለው ያልፉታል። ብዙው በእውነት ማባከን ነው። ነገር ግን ከጨዋታዎቹ አንዳንዶቹ የራሳቸው ተረት፥ የራሳቸውም አማልክት አሏቸው፤ ተጫዋቾቹም የእነዚህን ፈጠራ አማልክት ፍርድ ልክ ነው፥ ልክ አይደለም እያሉ ይከራከራሉ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ፍሮምሶፍትዌር የተባለ የጃፓን ድርጅት ያወጣው ኤልደን ሪንግ የሚባለው ጨዋታ ለዚህ ምስክር ነው፤ የጥንቱን ተረት በማዘጋጀት አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ ማርቲን ተካፍሎበታል። በተረቱ ማሪካ የምትባል እንደ አምላክ የምትመለክ ንግሥት ሞትን ከዓለሙ ሥርዐት ነቅላ ታስወጣለች። መልካም ሥራ ይመስላል። ነገር ግን መሞት ያቃተው ፍጥረት በቁሙ እየበሰበሰ ይኖራል፤ ልጇ በተሰረቀ የሞት ቍራጭ በተገደለ ጊዜም፥ እርሷ ራሷ የሥርዐቱን ቀለበት ትሰብረዋለች፤ የቀሩት ልጆቿ በስባሪው ላይ ይዋጋሉ። ተከራካሪዎቹ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ለልጆቿ የራራች እናት ናት የሚሉ አሉ፥ ግዛቷን ለማጽናት ሞትን የሰረቀች ናት የሚሉም አሉ።

የማሪካና የክርስቶስ ሠምራ ምኞት በአንድ ነገር ይገናኛል፤ ሁለቱም ከዓለም ክፉውን ነገር ፈጽሞ ለማስወገድ ፈለጉ። በመንገዳቸው ግን ፈጽመው ይለያያሉ። ንግሥቲቱ ማንንም አልጠየቀችም፤ ሥልጣን ስላላት ቈርጣ ጣለች፤ ዕዳውን የከፈለው ሌላው ነው። መነኵሲቱ ሥልጣን የላትም፤ የተበደለውን ጠየቀች፥ ወደ በዳዩም በገዛ እግሯ ወረደች፤ ለመሳሳት ዋጋ ቢኖረው የምትከፍለው በገዛ ሰውነቷ ነበር፤ ሊከፈልም ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያንን ጨዋታ የሚያውቅ ወጣት ይህን ገድል ቢያነብ፥ ሲከራከርበት የኖረውን ነገር በአገሩ ቋንቋ፥ ያውም በጠለቀ አኳኋን ተጽፎ ያገኘዋል። የሚያሳዝነው፥ ገድሉን እንዲያነብ የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው።

ወደ ሽምግልናው እንመለስ ቢባል፥ የእርቁ ነገር ለምን ፈረሰ? በአገሩ ልማድ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይወድቃል፤ ድንጋዩን የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው። በገድሉ ተበዳዩ እምቢ አላለም፤ እምቢ ያለው በዳዩ ነው። ድንጋዩን ለመሸከም አንገቱን ዝቅ ማድረግ አልፈለገም። ነቃፊዎቹ ያላስተዋሉት ይህን ነው፤ ታሪኩ ሲጨርስ የሊቃውንቱን ትምህርት አላፈረሰም፥ ዲያብሎስ አልዳነም። ነገር ግን ያልዳነው ምሕረት ጐድሎበት እንዳይደለ በዐይን አሳየ። ይህ በድርሰት ጥበብ ከስብከት ይበልጣል፤ ሰባኪ ለብዙ ሰዓት የሚደክምበትን አንድ የእጅ መሳብ ጨረሰው።

ለዚህ ሁሉ ግን ሥሩ በሲኦል ሳይሆን በቡልጋው ቤት ነው። የልመናውን ድፍረት ለመረዳት፥ የለመነችው ሴት ነፍስ ያጠፋች መሆኗን መርሳት አይገባም። በቍጣዋ የሰው አፍ በእሳት ዘጋች፤ የተገባት ፍርድ ቀርቶ የሞተችው ተነሣችላት። ለማይገባው የሚደረግ ምሕረት ምን እንደ ሆነ በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅዋ ሥራ ታውቃለች። እንዲህ ያለች ሴት ይቅርታ የማያገኝ አንድ ፍጥረት እንኳ እንዳይኖር ብትለምን የሚያስገርም አይደለም፤ በእሳት የሚሠቃዩትን ባየች ጊዜ ትንታጉን አላሰበችም ማለት አይቻልም። ገድሉ ይህን ማያያዣ በግልጥ አይናገርም፤ ለአንባቢው ይተወዋል፤ መተዉም መልካም ነው።

መልካም ያልሆነው ሌላ ነው። አገልጋይቱ ከተነሣች በኋላ ጸሓፊው ፊቱን ወደ እመቤቲቱ ይመልሳል፤ የተቃጠለው አፍ ምን እንዳለ፥ ይቅር ብሎ እንደ ሆነ አንባቢ መስማት ይወዳል። ዲያብሎስን ከፈጣሪው ለማስታረቅ እስከ ሲኦል የሄደው ብዕር፥ በእመቤትና በአገልጋይ መካከል ላለው እርቅ ብዙ ቀለም አላወጣም። ምናልባት የዘመኑ ልማድ ነው፤ አገልጋይ በ15ኛው መቶ ዓመት ምስክርነት የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ከሲኦል ስለ ወጡት ነፍሳት በዓሏ በሚውልበት ቀን ሲነገር፥ ተናጋሪው ከጣና ባሕር ሳይሆን ከዚያ ቤት፥ ከዚያች ሴትና ከትንታጉ ቢጀምር፥ ሰሚው የልመናውን ክብደት ያገኘዋል።