ዳሳሽና መቆጣጠሪያ፦ ስለ አንድ የጥገና መመሪያ ትርጉም

በአሰላ ከተማ ከሚገኝ አንድ የጥገና ቤት የልብስ ማድረቂያ መኪና ብልሽት መፈለጊያ መመሪያ፣ በአማርኛ ተተርጉሞ፣ ለአስተያየት ቀርቦልናል። የተርጓሚው ዐረፍተ ነገር የጠራ ነው፤ ባዕድ ቃል ላለማብዛት ያደረገው ጥረትም ይመሰገናል። ይሁን እንጂ ሦስት ጕድለቶች ሳይነሡ ሊታለፉ አይገባም።

አንደኛ፣ መመሪያው ሁለት ልዩ ልዩ ዕቃዎችን «የሙቀት መቆጣጠሪያ» ብሎ በአንድ ስም ይጠራል። ቴርሞስታት ሙቀቱ ከተወሰነው ደረጃ ሲደርስ የኤሌክትሪኩን መሥመር ይቈርጣል። ቴርሚስተር ግን ምንም አይቈርጥም፤ ሙቀቱ ሲጨምር ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ እየቀነሰ ደረጃውን ለአዛዡ ክፍል ያስታውቃል። ደኅና ቴርሞስታት በቀዝቃዛነቱ ሲለካ ወደ 0 ኦም ይጠጋል፤ የተለመደው ቴርሚስተር በ25 ዲግሪ 10,000 ኦም ያህል ያሳያል። ስሙ ያሳሳተው ጠጋኝ ደኅናውን ዕቃ አውጥቶ ይጥላል ማለት ነው። እኛ ለቴርሚስተሩ «ዳሳሽ» የሚለውን እንመርጣለን። መዳሰስ ነክቶ ማወቅ ነውና ግብሩን ይገልጻል፦ ዳሳሽ ይነግራል፣ መቆጣጠሪያ ይፈጽማል።

ሁለተኛ፣ «የሙቀት መጠን» የሚለው ሐረግ አንድ ጊዜ ዲግሪን፣ ሌላ ጊዜ ማሞቂያው የሚሰጠውን ሙቀት ያመለክታል። አንድ እንስራ ለብ ያለ ውሃ ከአንድ ስኒ ፍል ውሃ የበለጠ ሙቀት ይይዛል፤ በዲግሪ ግን ያንሳል። ስለዚህ ለዲግሪው «መጠነ ሙቀት» ተለይቶ ቢወሰንለት ይሻላል።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ ዳሳሹ በፈላ ውሃ ተነክሮ 100 ዲግሪ ካላሳየ ተበላሽቷል የሚለው ትእዛዝ ነው። ቃሉ በትክክል ተተርጕሟል፤ አገሩ ግን ተዘንግቷል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው አሰላ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እውነቱን የተናገረው ዳሳሽ ሐሰተኛ ተብሎ ይፈረድበታል። ተርጓሚው ከፍታውን የሚያስገነዝብ አንድ መስመር ቢጨምር፣ ወይም ከፍታ እምብዛም በማይለውጠው በሚቀልጥ በረዶ፣ በ0 ዲግሪ፣ እንዲፈተን ቢያመለክት ይበቃ ነበር።

አርሲ የገብስ አገር ነው፤ አሰላም የብቅል ፋብሪካ አላት። ብቅልም በማድረቂያ ያልፋልና እነዚሁ ቃላት ነገ ወደዚያ መሻገራቸው አይቀርም። በዚያ መጠነ ሙቀቱ ያለ ልክ ከፍ ቢል ብቅሉ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥበትን ኃይል ያጣል። የስያሜ ስሕተት በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም የምንለው ስለዚህ ነው።