የድንቅነሽ ትከሻ በኮምፒውተራችን፦ ለማየት ነው ወይስ ለማረጋገጥ?

እ.ኤ.አ. በ2016 የድንቅነሽ (ሉሲ) ትከሻና ጉልበት ባለ 3 አቅጣጫ ዲጂታል ሞዴሎች በኢንተርኔት በነፃ ተለቀቁ። ማንም ሰው አውርዶ በስክሪኑ ላይ ሊያገላብጣቸው፣ 3ዲ ማተሚያ ካገኘም አትሞ በእጁ ሊይዛቸው ቻለ። ደስ ይላል። ግን ይበቃል ወይ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1974 አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ወደ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። ለኤግዚቢሽን አሜሪካ በሄደችበት ጊዜ፣ በ2008፣ ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አጥንቶቿ በሲቲ ስካን ተነሡ። ከ8 ዓመት በኋላ ጆን ካፐልማንና ባልደረቦቹ «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ሳይሆን አይቀርም አሉ። የቀኝ ክንዷ አጥንት ከትከሻው በኩል የተሰባበረበት መንገድ፣ ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሲደገፍ የሚደርስበትን ስብራት ይመስላል ነው የሚሉት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም ሞዴሎቹ እንዲለቀቁ የፈቀደውም ሕዝቡ ይህን መላ ምት ራሱ እንዲመዝነው ነበር።

ድንቅነሽን ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰን ግን ሐሳቡን አልተቀበለውም። እንዲህ ያለ ስብራት በእንስሳት ቅሪተ አካላት ላይም የተለመደ ነው፤ አጥንት አፈር ውስጥ ተቀብሮም ይሰባበራል ባይ ነው።

ታዲያ በወረደው ፋይል ብቻ ይህን ክርክር መዳኘት እንችላለን? አንችልም። ስብራቱን እናያለን፣ እንለካለን፤ እሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከዚያው አካባቢ የተገኘ፣ ዛፍ ላይ የማይወጣ እንስሳ፣ የጉማሬ አጥንት እንበል፣ ተመሳሳይ ስብራት እንዳለበት ለማየት የእሱም ሞዴል ያስፈልገናል። ጥናቱ ስለ ሌሎች አጥንቶቿ ስብራትም ያወራል፤ ያኔ የተለቀቀው ግን የ2 መገጣጠሚያዎች ብቻ ነው። ዳኛ ሁኑ ተብሎ የአንድ ወገን ምስክር ብቻ እንደመስማት እኮ ነው!

ከዚህ በላይ መክፈት አይቻልም እንዳንል፣ በ2015 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሆሞ ናሌዲ ግኝት ይፋ ሲሆን የብዙ አጥንቶች ሞዴሎች ሞርፎሶርስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ወጥተዋል።

ዓላማው ቅርሱን ማሳየት ከሆነ ትከሻና ጉልበት ጥሩ ጅምር ነው። «ራሳችሁ አረጋግጡ» ከተባልን ግን ለማረጋገጥ የሚበቃ ይሰጠን። አለዚያ ዞሮ ዞሮ፣ አጥንቱን በእጃችን ይዘን እንኳን፣ የምናደርገው የተነገረንን ማመን ነው።