የብር ቅንጣቶችና የ18 እጥፍ ወሬ

የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ሴል እጅግ ደቃቅ በሆኑ የብር ቅንጣቶች በመቀባት ኀይሉን ማሳደግ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ብዙዎቻችንን ያስደስታል። ሐሳቡም መሠረት የሌለው አይደለም። ዳሩ ግን በምን ላይ እንደ ተለካ ሳይጠየቅ ቁጥሩ ብቻ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እውነቱ ይጠፋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ሃዋርድ ስቱዋርትና ዴኒስ ሆል እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ሥራ ነው። እነዚህ ሰዎች በቀጭን ሲሊኮን ላይ የብር ቅንጣቶችን አኑረው፣ የሞገድ ርዝመቱ 800 ናኖሜትር ከሆነ ብርሃን የሚገኘው የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ 18 እጥፍ ማደጉን አሳዩ። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ የመረመሩትም ብርሃን ተቀባይ መሣሪያ እንጂ የፀሐይ ሴል አለመሆኑን በጽሑፋቸው ርእስ ላይ ሳይቀር አመልክተዋል። ጥፋቱ ቁጥሩን ነጥሎ የሚጠቅሰው ሰው ነው። የሲሊኮኑ ውፍረት 165 ናኖሜትር ብቻ ነበር። በገበያ የሚሸጠው የሲሊኮን ሴል ግን 150 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከዚያ 900 ጊዜ ያህል ይወፍራል። ቀጭኑ ሲሊኮን ይህን ብርሃን ሳይዘው ያሳልፈዋል፤ ቅንጣቶቹ ጨረሩን በትነው ወደ ጎን ስላስኬዱት ጥቅማቸው ጎላ። ወፍራሙ ሴል ግን ወደ ውስጡ የገባውን ያንኑ ብርሃን ያለ ረዳት ይውጠዋል። ከጥቂት ተነሥቶ 18 እጥፍ መድረስ ይቻላል፤ ከሙሉ ተነሥቶ ግን አይቻልም።

ሁለተኛው ነገር የንጽጽሩ መሠረት ነው። ያልተቀባ ልሙጥ ሲሊኮን ከሚያርፍበት ብርሃን ከ30 በመቶ የሚበልጠውን ይመልሳል። ከዚህ ጋር የተመዛዘነ ቅብ ሁሉ መልካም ይመስላል። ፋብሪካዎች ግን ገጹን አሻክረው 75 ናኖሜትር ያህል የሲሊኮን ናይትራይድ ስለሚቀቡት፣ የሚመለሰው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። አዲሱ ቅብ መወዳደር የሚገባው ከዚህ ጋር ነው። ደግሞም ብር ራሱ ከብርሃኑ ከፊሉን ውጦ ሙቀት ያደርገዋል፤ ይህ ኪሳራ ካልተቀነሰ ሒሳቡ አልተሟላም።

ኤል ኢ ዲ በሚባለው መብራት ችግሩ የተገለበጠ ነው፤ እዚያ ብርሃኑ መውጣት ያቅተዋል። በጋሊየም ናይትራይድ ውስጥ ከተፈጠረው ብርሃን፣ በአንድ ልሙጥ ገጽ በኩል በቀጥታ ወደ አየር የሚወጣው 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ብርሃን የሚበትን ቅብ በእርግጥ ይረዳል። ሆኖም ገጽን ማሻከር እዚህም የታወቀ ዘዴ ስለሆነ ያው ጥያቄ ይነሣል፤ ቅቡ የበለጠው ልሙጡን ነው ወይስ የተሻከረውን?

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። የመመረቂያ ርእስ የሚመርጥ ጓደኛችን የዓመት ድካሙን የሚያኖረው እንዲህ ባለ ቁጥር ላይ ነው። በቀጫጭን ሴሎች ላይ ለሚሠራ መንገዱ ክፍት ነው፤ በወፍራሙ ላይ ግን የቀረው ትርፍ ትንሽ ነው። እንግዲህ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እንዳይሆንብን፣ ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ውፍረቱ ስንት ነው? የተነጻጸረው ከምን ጋር ነው? ትርፉስ የተገኘው በአንድ የሞገድ ርዝመት ነው ወይስ በመላው የፀሐይ ብርሃን?