ዓይን የሚፈራውና ቢላዋ የሚፈልገው

ነቀምቴ ቄራ ውስጥ የታመመ ጉበት ሲከፈት ያየ ሰው ፊቱን ያዞራል። የሐሞት ቧንቧው ወፍሮ ደድሯል፤ ቢላዋዬ ሲያልፍበት አሸዋ ላይ እንደተሳበ ይንኮሻኮሻል፤ ጫን ሳደርገው ከጠቆረ ፈሳሽ ጋር ጠፍጣፋ ትሎች ይወጣሉ። የሥጋ መርማሪ ነኝና ጉበቱ ይወገድ ስል ባለ ሥጋ ቤቱ አይከራከረኝም፤ ዓይኑ ቀድሞኝ ፈርዷል።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የጉበት ትል ሰውን የሚይዘው ጉበት በመብላት ሳይሆን ቀንድ አውጣ ካለበት ረግረግ በሚለቀም ጥሬ ቅጠል ወይም በውኃው በኩል ነው። ለበላተኛው አደገኛው ጉንጭ፣ ምላስ፣ ልብና ወርች ውስጥ የተሸሸገው፣ 1 ሴንቲ ሜትር የማይሞላው፣ ውኃ የቋጠረው የኮሶ ትል እጭ ነው። ሥጋው በጥሬው ከተበላ አንጀት ውስጥ አድጎ በሜትር የሚለካ ኮሶ ይሆናል።

ስለዚህ ብዙ የምደክመው ጤነኛ በሚመስለው ቀይ ሥጋ ላይ ነው። የጉንጩን ጡንቻ ከመንጋጋው አጥንት ጋር ትይዩ በስሱ እገልጣለሁ። ባለ ሥጋ ቤቱ «ምን አለበትና ትቆራርጠዋለህ?» የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። እጩ ጥቂት ከሆነ በምርመራ ላይገኝ ይችላልና ማኅተሜ ለጥሬ ሥጋ ዋስትና አይሆንም። እጩን አስተማማኝ አድርጎ የሚገድለው በደንብ ማብሰል ነው።

ጉበቱም ከመጣሉ በፊት የሚናገረው አለ። እንደ ሻምቡ ባለው ደጋ የሚበዛው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ፋሲዮላ ሄፓቲካ የተባለው የጉበት ትል ነው፤ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ዝቅ ሲባል እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ፋሲዮላ ጃይጋንቲካ ይመጣል። ትሉ ከሣሩ ጋር ከተዋጠ በኋላ ጎልምሶ እንቁላል እስኪጥል 3 ወር ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ዛሬ የማየው ከወራት በፊት የተጋጠን ጨፌ ነው። የኮሶው እጭ ደግሞ ግጦሹን ወይም ውኃውን የሰው ዓይነ ምድር እንደበከለው ይመሰክራል።

ከገበያ ገበያ የተሻገረ በሬ መነሻው ቶሎ ይጠፋል። ነጋዴውን የምጠይቀው ገና ከመታረዱ በፊት ነው፤ መዝገቡ ላይም «ተወግዷል» ከሚለው ጎን የመጣበትን ቀበሌ አሰፍራለሁ። የእኔ ቢላዋ የሚደርሰው ለታረደው በሬ ብቻ ነው። የሚቀጥለውን የሚያድኑት ጨፌውን የሚከልለው ገበሬና መጸዳጃ የሚቆፍረው ቤተሰብ ናቸውና ያየሁት እነሱ ዘንድ ካልደረሰ ሥራዬ ግማሽ ነው።